የሌፓ አፍና የኦብረን ላም

ኦብረን ትራክተሩን ገና ሳያጠፋ፣ ሰላምታም ሳይሰጥ፣ መቀመጫው ላይ እንዳለ ጮኸ።

«ሌፓ! በክርስትናው ይዤሻለሁ! ስለዚያ መርፌ አንዲት ቃል እንዳትተነፍሺብኝ!»

ሌፓ የአረቄ ማውጫውን የመዳብ ጋን ክዳን በሊጥ እየመረገች ነበር። እጇ ሊጡ ላይ እንዳለ ቀረ። በእሳቱ ዙሪያ፣ በተገለበጠ ሣጥንና በጉቶ ላይ ተቀምጠው ተራቸውን የሚጠብቁት ሰዎች መጀመሪያ እሷን፣ ቀጥሎ እሱን አዩ። ከዚያ ከመካከላቸው ሚላዲን ጭኑን በጥፊ መትቶ ሳቀ።

«ቀደመሽ! እትዬ ሌፓ፣ ጉድ ሆንሽ፤ ቀደመሽ!»

እውነቱን ነው፤ ቀድሟታል። ሌፓ ይህንኑ ቃል ለኦብረን ካዘጋጀች ሰንብታለች። የፕሪም ድፍድፉ ደርሶለት ወደ አረቄ ማውጫው የሚመጣበትን ቀን ነበር የምትጠብቀው። ማንም ሰው ድፍድፉ እሳት ላይ እያለ ጥሎ አይሄድም። ልታስቀምጠው፣ ከአመዱ የወጣ ትኩስ ድንች ልታበላው፣ ሆዱ ሲሞላና ልቡ ሲረጋ ደግሞ «አበልጄ፣ በክርስትናው ይዤሃለሁ፤ በረዶው ሳይወርድ ሄደህ ተከተብ» ልትለው ነበር። አሁን ያ ሁሉ ውሃ በላው።

በያሴኖቮ መንደር በክርስትና የተያዘ ሰው እምቢ አይልም። ልጅህን ክርስትና ያነሳልህ ሰው ከወንድም ይበልጣል፤ ወንድም ይጣሉታል፣ አበልጅ ግን አይጣሉትም። ስለዚህ ቃሉን በዋዛ የሚያወጣው የለም። የሌፓ አማት በዚህ ቃል ተይዘው በማሳቸው መካከል ለሰው መንገድ ሰጥተዋል፤ እስከ ዕለተ ሞታቸው እያጉረመረሙ፣ ግን አንድም ቀን አጥር ሳያጥሩበት። ኦብረን ደግሞ ያንን የሚያህል ቃል የሴት አፍ ለመዝጋት አወጣው።

«ምነው አበልጄ፣ እንኳን ደህና መጣህ እንኳ ሳልልህ?» አለች።

«እንኳን ደህና መጣህ ማለት ትችያለሽ። ስለ መርፌው ነው ያልኩሽ።»

«እንኳን ደህና መጣህ።»

«እግዜር ያበርታችሁ!» አለ ወደ ሰዎቹ ዞሮ፣ ግዳይ እንደጣለ ሰው ደረቱን ነፍቶ።

«አብሮ ያበርታን!»

ከዚያ ከትራክተሩ ወረደ። ወርዶም ወዲያው አልተራመደም፤ ጎማውን የሚመረምር መስሎ ቆመና ትንፋሹን ሰበሰበ። ሌፓ ይህችን ነገር አየቻት። ሁልጊዜም ታያታለች።

ሙሉ ስሟ ሌፖሳቫ ነው፤ በዚህ ስም የሚያውቃት ግን የመብራት ሂሳብ ደረሰኝ ብቻ ነው። አረቄ ማውጣት የባሏ የስሬትኮ ሥራ ነበር። ስሬትኮ በአንድ የመከር ወቅት፣ የጎረቤቱ ሁሉ ድፍድፍ በየበርሜሉ እየፈላ፣ ልቡ ቀጥ አለችና ሞተ። ለቀስተኛው መጥቶ ተቀመጠ፣ አለቀሰ፣ በላ፤ ስለ ድፍድፉ ለመጠየቅ ግን ሁሉም አፈረ። ድፍድፍ ደግሞ ጊዜው ካለፈ ኮምጣጤ ይሆናል፤ የዓመት ልፋት ነው። ሌፓ ባሏ በተቀበረ በማግስቱ ጥቁሯን እንደለበሰች እሳት አነደደች። ያን ዓመት ወንዶቹ ከጀርባዋ ቆመው «አማስዪው! እሳቱን ቀንሺው! ውሃውን ቀይሪው!» ሲሏት ከረሙ። በሚቀጥለው ዓመት ጀርባዋ ላይ የቆመ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ከማዶ መንደሮችም ይመጣሉ።

ጥንቁቅ ናት። ጋኑን በኮምጣጤና በጨው ፈትጋ ካላበራችው ድፍድፍ አታስገባም። ክዳኑን የምትመርገው በአጃ ዱቄት ሊጥ ነው፤ የስንዴው እሳት ሲነካው ይሰነጠቃል። ማገዶ ከመጠን በላይ የጨመረባትን ሰው ማገዶውን ከእሳቱ አውጥታ ታስታቅፈዋለች። በቧንቧው መጀመሪያ የሚወርደውን፣ መርዝ ያለበትን አንድ ሲኒ ደግሞ ባለቤቱ ቢለምናት ቢያለቅስ ለማንም አታስቀምስም፤ የሚያመውን እግሩን ይሽበት እንጂ አይጠጣውም። በዚህ በዚህ «ክፉ ናት» ይሏታል፤ እየተጋፉም ይመጡባታል።

ኦብረን የልጇን የኢኮኒያን ክርስትና ያነሳ ነው። ከእሱ በፊት አባቱ የስሬትኮን አንስተዋል፤ የሁለቱ ቤት አበልጅነት መቼ እንደተጀመረ የሚያውቅ ሰው በሕይወት የለም። ስሬትኮ ከሞተ ጀምሮ ኦብረን በየመከሩ አንድ ተሳቢ ማገዶ ያራግፍላታል። ሳትለምነው ያመጣል፣ ስታመሰግነው ይቆጣል። ወጣትነቱን የጨረሰው በኖራ ማቃጠያ ውስጥ ነው፤ ኖራው ሳንባው ውስጥ ቀረ። ወደ ቤተ ክርስቲያን ዳገቱን ሲወጣ መሐል ላይ ካለች የፕሪም ዛፍ ሥር ይቆምና ቅጠሏን ያገላብጣል፤ ሰው ሁሉ ለዛፏ የሚጨነቅ እንዲመስለው። ሚስቱ አርፋለች፤ ሁለት ወንዶች ልጆቹ ኦስትሪያ ናቸው፤ እሁድ እሁድ ይደውላሉ። ቤቱ ውስጥ እሱ፣ በረቱ ውስጥ አንዲት ዥጉርጉር ላም፣ ሻሩልያ። በቃ።

ባለፈው በረዶ ወራት ኮሮናው መንደሩ ሲገባ ፖስተኛውን ወሰደው። ከብስክሌቱ ሳይወርድ ዳገቱን የሚወጣ፣ ኦብረንን በትከሻው ተሸክሞ መሮጥ የሚችል ሰው ነበር። ሌፓ በቃሬዛ ሲወስዱት በመስኮት አየችው፤ አልተመለሰም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የኦብረን ሳል በሰማች ቁጥር የያዘችውን አስቀምጣ፣ ሳሉ እስኪያቆም ትጠብቃለች።

ስለ ክትባቱ በያሴኖቮ የማይወራበት ቀን የለም፤ የሚከተብ ሰው ነው የጠፋው። በጸደይ ከከተማ ነርሶች መጥተው የባህል አዳራሹ ውስጥ ወንበር ደርድረው ነበር። ከመጡት ጥቂቶች መካከል አንዷ የደም ግፊቷን ልትለካ፣ አንዱ ደግሞ የአዳራሹ ጣሪያ መቼ እንደሚጠገን ሊጠይቅ ነበር የመጡት። መንግሥት ከቻይናውም ከሩሲያውም ከአሜሪካውም አምጥቶ «ምረጡ» ስላለ፣ ሰዉ እንደ ትራክተር ይማርጥ ጀመር። «ከሞትኩ አይቀር በወንድሞቻችን በሩሲያዎቹ ልሙት» ያሉ ሽማግሌዎች አሉ። ብየዳ ቤት ያለው ቪቶሚር የቻይናውን ወሰደ፤ ምክንያቱን ሲጠየቅ «የብየዳ ማሽኔ ቻይና ናት፤ እስከ ዛሬ አላሳፈረችኝም» አለ። የተከተበ ሁሉ ገንዘብ እንደሚሰጠው ሲታወጅ፣ ልባቸው ዘንበል ያለው ሰዎች ጭራሽ ተመለሱ። ጥሩ ነገር ከሆነ ለምን ይከፍሉናል? ሥጋ ብላ ብሎ የከፈለኝ ማን አለ? ቄሱ አዎም አላሉ፣ አይደለምም አላሉ፤ አንድ ሐሙስ ግን ከተማ ሄደው የጠቀለሉትን እጅጌያቸውን እያወረዱ ከጤና ጣቢያው ሲወጡ ታይተዋል።

ሌፓ ራሷ ፈርታ ነበር፤ አልደበቀችም። ግን መከር በመጣ ቁጥር የአረቄ ማውጫ መጠለያዋ ሰው ይሞላል፤ ሁሉም ከአንድ ጠርሙስ ይቀምሳል፣ ፊት ለፊት እየጮኸ ያወራል። ነርሷ ያለውን ወጋቻት፤ ሌፓም የቱ እንደሆነ አልጠየቀችም። ቀኝ ክንዷ አመማትና በማግስቱ በግራዋ ስታማስል ዋለች።

እንግዲህ የኦብረን ድፍድፍ ተራው ደረሰና ጋኑ ውስጥ ገባ። ቪቶሚር በባልዲ እያቀበለ፣ ሌፓ እያማሰለች፣ ኦብረን እያዘዘ። ሲሞቅ ክዳኑ ተገጠመ፣ ሊጡ ተመረገ፣ ቧንቧው በቀዝቃዛው በርሜል ውስጥ አልፎ ወጣ። ከዚያ የሚቀረው መጠበቅ ነው። ሌፓ እሳቱ ፊት ተቀመጠች፤ ዝም አለች።

ኦብረን ስለ ፕሪሙ አወራ። ስለ ዘንድሮው ዝናብ አወራ። የማዶው ሰውዬ ልጁን በስንት ጣጣ እንደዳረ አወራ። ሌፓ እንጨት ታስገባለች፣ እንጨት ታወጣለች።

«ምን ሆነሻል?» አላት በመጨረሻ።

«ምንም።»

«ዝም ብለሻል እኮ።»

«ይዘኸኛል እኮ።»

«ስለ መርፌው ነው የያዝኩሽ! ስለ ሌላው አውሪ እንጂ!»

«ስለ ሌላው የምለው የለኝም።»

ቪቶሚር ከአመዱ ውስጥ ድንች በእንጨት እየቆፈረ ሳቀ። «እኛን ግን አልያዝከንም፣ ጋሼ ኦብረን።»

«እናንተንማ ማን ይሰማችኋል?»

«ለምንድነው ግን የማትከተበው? ንገረና።»

«ውስጡ መከታተያ አለው ይባላል። ከሳተላይት የሚያዩህ።»

«አንተን?» አለ ቪቶሚር። «ከቤት ወደ በረት፣ ከበረት ወደ ቤት! ያ ሳተላይቱ ላይ የተቀመጠው ሰውዬ በድብርት ይሞትብሃል፤ ነፍስ ነው፣ አያሳዝንህም?»

ሁሉም ሳቀ፤ ኦብረንም ጢሙን እያሻሸ ትንሽ ሳቀ። «ይሁን፣ ይሄን ተወው። አረቄ አለ አይደል? በየጠዋቱ አንድ መለኪያ የሚጠጣ ሰው ጉሮሮው ላይ ምን ይቆያል? ሁሉንም ይገድለዋል።»

ሌፓ ቀና አለች። «ስለ አረቄ መናገር እችላለሁ?»

ኦብረን ተጠራጠረ። «ስለ አረቄ... ትችያለሽ።»

«ፖስተኛው ከእኔ አረቄ ያልወሰደበት ዓመት የለም።»

ማንም አልሳቀም።

«ይቺ ወደ መርፌው ትጠጋለች» አለ ኦብረን ጣቱን እያወዛወዘ።

«አረቄ ናት፤ መርፌ አይደለችም» ብሎ ቪቶሚር ፈረደ።

ሚላዲን ይህን ሁሉ ጊዜ ድንቹን እየላጠ ያዳምጥ ነበር። ጡረታ የወጣ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ አልተከተበም፣ አልከተብም ማለቱንም አልደበቀም። የቴሌቪዥኑ ሐኪሞች እንደ ሠርግ ቤት አማቾች ሲጨቃጨቁ አይቷል፤ «ሲስማሙ ጥሩኝ» ይላል። አሁን እጁን ዘርግቶ የኦብረንን ትከሻ መታ መታ አደረገ።

«ተዋቸው፣ ወንድሜ። አንተ ከእኛ ወገን ነህ። ምን እንደሚጨምሩበት የማያውቀውን ነገር ሰውነቱ ውስጥ የማያስገባ፣ የሚያስብ ሰው ነህ።»

ምን እንዳናደደው አይታወቅም፤ ምስጋናው ሳይሆን አይቀርም። ኦብረን ትከሻውን መነጨቀ።

«እኔ ምን አውቄ ነው ሚላዲን! ምን እንደሚጨምሩበት እኔ ምን አገባኝ? ሱቅ የምንገዛው ቋሊማ ውስጥ ምን አለ? እንበላዋለን! እኔ የምለው ሌላ ነው። የጎረቤታችን የዱሺጻ ባል ተወግቶ ሁለት ቀን እንደ ግንድ ተጋደመ፤ ጥርሱ እየተንገጫገጨ። እሱ ሚስት አለው፣ ምራት አለው፤ ሻይ አመጡለት፣ ብርድ ልብስ ደረቡለት፣ ከብቱን አዩለት። እኔ ብጋደም ሻሩልያን ማን ያልባታል? ሳትታለብ ብታድር ጡቷ ይቆስላል። ከእኔ በቀር ደግሞ ማንንም አታስጠጋም፣ ትራገጣለች። ማንን ልጥራ? ከኦስትሪያ?»

ፊቱ ቀላ፤ እሳቱን ተመለከተ። እንዲህ ያለውን ነገር ሰው ፊት ሊያወጣው አላሰበም ነበር። ሚላዲን እንኳ ድንቹን አፉ አጠገብ እንደያዘ ቀረ።

ሌፓ እጇን በሽርጧ ጠረገች። መከታተያ ሲል፣ አረቄ ሲል የከረመው ይህችን ለመሸፈን ኖሯል። እሷ ደግሞ ስለ ሳንባ፣ ስለ ፖስተኛው፣ ስለ ሞት የሚናገር ረጅም ንግግር ነበር ያዘጋጀችው። አንዱም ስለ ላም አያነሳም።

«አበልጄ» አለች።

«ኧረ! ይዤሻለሁ!»

«ስለ መርፌ አይደለም።»

«ስለ ምንድነው?»

«ስለ ላም።» ተነሳች፤ እንዲህ ያለ ቃል ተቀምጠው አይናገሩትም። «በክርስትናው ይዤሃለሁ። ሻሩልያን ለሐሙስና ለዓርብ ስጠኝ።»

ሚላዲን «ኧረ ይቺ ሴትዮ!» አለና በሁለት እጁ ራሱን ያዘ።

«ምን... ምን ልታደርጊያት?»

«ወተት አማረኝ።»

«ወተት ከሆነ በጠርሙስ አመጣልሻለሁ!»

«ከሥሯ ቁጭ ብዬ ያለብኩት ነው ያማረኝ።»

«ለምን ሐሙስ? ሐሙስ ምን አለ?»

«ምንም። አውቶቡስ አለ።»

«አውቶቡስ በየቀኑ አለ!»

«ሐሙስ እኮ ጋሼ፣ ጤና ጣቢያው...» ብሎ ቪቶሚር ሲጀምር ሌፓ አቋረጠችው። «ቪቶሚር! ማገዶ አቀብለኝ። አፍህን ማን ጠራው?» ቃል ከሰጠች ሰጠች ነው፤ በሰው አፍ አሾልካ የምታስገባ ሴት አይደለችም።

«ትራገጥሻለች እኮ» አለ ኦብረን። ድምፁ ወርዷል።

«ትራገጥ።»

«ሰው አትወድም።»

«እኔም አልወድም። እንግባባለን።»

ኦብረን ቆቡን አወለቀ፣ ውስጡን አየ፣ መልሶ አደረገው። እምቢ ማለት እንደማይችል ሁሉም ያውቃል። አረቄው አልቆ በጠርሙስ ሲሞላለት ድርሻዋን ቆጥሮ አስቀመጠ፤ ደህና ዋሉም ሳይል ትራክተሩን አስነሥቶ ሄደ።

ሌፓ ረቡዕን በጭንቀት ዋለች። የያዘችው ላሟን ነው፤ ሰውዬውን አይደለም። ላሟን አስረክቦ ቤቱ ገብቶ ቢቀመጥስ? ቃሉን ጠበቀ፣ አበቃ። ልትጠይቀው አትችልም። ለልጇ ደውላ ሁሉን ነገረቻት፤ ኢኮኒያ በሳቅ ሞተች። «እማዬ፣ የገዛ አበልጅሽን ላም በጉልበት ቀማሽው?» «በክርስትና ነው የቀማሁት» አለች ሌፓ፣ ስልኩንም ዘጋችው። በረቷን ጠረገች፤ ከስሬትኮ ሞት በኋላ ከብት ገብቶበት አያውቅም፤ ማገዶና የተሰበረ ብስክሌት ነው ያለበት። ድርቆሽ ከቪቶሚር አመጣች።

ሐሙስ ጠዋት፣ ጉሙ ገና ከወንዙ ሳይነሳ፣ የደወል ድምፅ ሰማችና ወጣች። ሻሩልያ ከፊት፣ ኦብረን ከኋላ። ጢሙን ተላጭቷል፤ በአንድ በኩል ምላጭ ነክቶት ወረቀት ለጥፎበታል። ነጭ ሸሚዝ፣ የፋሲካ ጫማ። ክንዱ ላይ የበረት ካፖርቱን አንጠልጥሏል።

ሌፓ የለበሰውን አይታ ወዴት እንደሚሄድ ገባት። አፏን ግን ያዘች።

«ይሄን ካልለበስሽ አታስጠጋሽም» አለና ካፖርቱን ሰጣት። «ሽታውን ነው የምታውቀው። በግራ በኩል ቅረቢያት። የኋለኛውን ጡት መጀመሪያ። አትቸኩይባት።»

«እሺ።»

«ካልሰጠችሽ ዝፈኚላት።»

«ምን?»

«ማንኛውንም። ድምፅሽ መጥፎ ነው ግን።»

«እሺ።»

ኦብረን መንገዱን አየ፣ አውቶቡሱ የሚመጣበትን። ቆመ። እሷም ቆመች።

«ዝም አትበይ እንጂ! የሆነ ነገር በይ!»

«ጫማህ ያምራል።»

«ኤጭ!» ብሎ ዳገቱን ወረደ። ወደ አውቶቡስ ፌርማታው መውረድ ስለሆነ የትም ሳይቆም ደረሰ።

ሻሩልያ መጀመሪያ ዞራ ካፖርቱን አየች፣ ቀጥሎ ካፖርቱ ውስጥ ያለችውን ሴት አየች፤ በአፍንጫዋ ተነፈሰች። አንድ ጊዜ ተራገጠች፣ ባልዲውን አልመታችውም። ሌፓ የሠርግ ዘፈን ዘፈነችላት። ላሟ በድምፁ ተገርማ መሰለኝ ጸጥ ብላ ታለበች።

ከሰዓት በኋላ አውቶቡሱ ሲመለስ ኦብረን ወደ ቤቱ አልሄደም። ቀጥ ብሎ የሌፓ መጠለያ ገባና ጉቶ ላይ ተቀመጠ። እሳቱ ዙሪያ የነበሩት ሚላዲንና ቪቶሚር ሁለቱም ዞሩበት።

«እህስ? የቱን ወሰድክ?» አለ ቪቶሚር።

«ነርሷ 'የቱን ይፈልጋሉ?' አለችኝ። ለገዛ አባትሽ የምትሰጪውን ስጪኝ አልኳት። 'ከአባቴ ጋር አንነጋገርም' አለች። በቃ ቅርቡን ስጪኝ አልኳት።»

«አመመህ?»

«ትንኝ ናት። ትንኝ!» ክንዱን ከፍ አደረገ፣ ፊቱን ትንሽ አጨማደደ፣ ዝቅ አደረገው። «ከተማው ሙሉ ሰው ተሰልፏል። ከኖራ ቤት የማውቀው ስታኖዬ አለ፤ እኔ ሞቷል ብዬ ሻማ አብርቼለት ነበር። እሱም ለእኔ አብርቶልኛል። ቁጭ ብለን ስንስቅ ተራዬ አለፈኝ፤ ሌላ ወረፋ ያዝኩ።»

ሚላዲን አንገቱን ነቀነቀ። «ሄድክ እንግዲህ። እኔ አልሄድም።»

«ማን ሂድ አለህ? አንተ ላም የለህም።»

ሚላዲን ድንች ሰጠው።

ትኩሳቱ ያን ማታ ያዘው። ዓርብ ጠዋት ሌፓ የዶሮ ሾርባ በድስት ይዛ ስትሄድ በሦስት ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ ቆቡን እንዳደረገ፣ ምድጃው አጠገብ ተጋድሞ አገኘችው። ጥርሱ ይንገጫገጫል፤ ዓይኖቹ ግን እንደ ጳጳስ ደስ ብሏቸዋል። ምድጃውን አነደደች፣ መስኮቱን ከፈተች፣ ትራሱን ገለበጠች።

«ስንት ሰጠች?»

«ባልዲ ሊሞላ ትንሽ ቀረው።»

«ለእኔ እንኳ ያንን አትሰጥም!» ተቀየመ። ከዚያ ማንኪያውን ተቀብሎ ፉት አለ፤ ቀጥሎም በዝግታ እንዲህ አላት፦ «ሌፓ፣ ከቃሉ ፈትቼሻለሁ። አሁን ስለ መርፌው የፈለግሽውን ተናገሪ።»

ሌፓ አሰበች። ያ ረጅሙ ንግግር የት እንደገባ አላወቀችም።

«ጨው ይጨመርበት?» አለችው።

ልጆቹ እሁድ ሲደውሉ ድኖ ነበር፤ ስለ ትኩሳቱ ግን እንደ ጦር ሜዳ አወራላቸው። ሻሩልያን ልትመልስለት የመጣችው ሌፓ የበረቱ በር ላይ ቆማ ሰማችው። ሳል አቋረጠው፤ የያዘችውን ባልዲ እንደ ልማዷ አስቀመጠች። ሳሉ አለፈና ወሬው ቀጠለ። ባልዲውን አነሳች። በሁለተኛው መርፌ ጊዜ ሻሩልያ መንገዱን አውቃው ከኦብረን ቀድማ ሌፓ በረት ደረሰች፤ ማንም ማንንም መያዝ አላስፈለገውም።

በዚያው ቀን፣ የመጨረሻው ድፍድፍ እሳት ላይ እያለ፣ ከላይኛው ሰፈር ፔርሲዳ መጣች። ብቻዋን የምትኖር መበለት ናት። በጸደይ ነርሶቹ የመጡ ጊዜ «ይሄ የሰይጣን ሥራ ነው» ብላ አጥሯ ላይ ነጭ ሽንኩርት የሰቀለች እሷ ነበረች። ዘንድሮ ፕሪሞቿን በረዶ ስለመታቸው አረቄ የምታወጣበት ነገር የላትም። ገብታ ቆመች፤ እጇን ወደ እሳቱ ዘረጋች፤ ስለ አየሩ አንድ ሁለት ነገር አለች። ወንዶቹ ቦታ ለቀቁላት፤ አልተቀመጠችም።

«ሌፓ» አለች በመጨረሻ፣ ዓይኗን ከእሳቱ ሳትነቅል፣ «ፍየል ትቀበያለሽ?»

ሌፓ የምታማስልበትን እንጨት አስቀመጠች። «ስንት ናቸው?»

«ሦስት። አንዷ ትዋጋለች።»

«አውራ ፍየል አለበት?»

«አንድ አውራ አለ።»

«አውራው ለሚላዲን ይሁን» አለች ሌፓ። «ሌሎቹን ረቡዕ ማታ አምጫቸው። ካፖርትሽንም እንዳትረሺ።»

«እኔ ምን አደረግኩ?» አለ ሚላዲን፣ ሆኖም አውራ ፍየል ምን እንደሚበላ ከመጠየቅ አልተመለሰም።